ለኮምፒውተር የተሰፋ ልብስ

ቡሬ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ በየመሃሉ እየጠፋ አስቸግሮ እንድጠግነው ከፍኖተ ሰላም አስጠሩኝ። ፈተናው ነገ ነው፤ ጸሐፊዋ እትዬ ጥሩዬ ግን ግማሹን እንኳ ጽፈው አልጨረሱም። ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም ጭኜ ስክሪኑን ባየው ዘጠና ዲግሪ ይላል፤ ለካ የሚጠፋው ከሙቀት ብዛት ነው። እትዬ ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፤ አቧራውን አራግፌ መለስኩላቸው። ስናበራው ቁጥሩ አርባ ላይ ቆመ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ሽቅብ ይል ጀመር፤ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ። ግራ ገብቶኝ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብል፣ እትዬ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጥልፍ ያለው ወፍራም ልብስ ለሳጥኑ አልብሰው ማሰሪያውን ይቋጥራሉ።

«እትዬ፣ ያፈነው እኮ ይሄ ነው» አልኳቸው።

«ለሐኪም ልብስ ይወለቃል ብዬ አውልቄለት ነበር። ከታከመ በኋላማ የመንግሥት ዕቃ ራቁቱን ይዋል ልጄ?»

አወለቅነው። ቁጥሩ ሲወርድ አብረን እየሳቅን አየን፤ ፈተናውም ሳይመሽ ተጽፎ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ ተባረክ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ዛሬ ሠላሳ ብቻ ነው የሚለው። ብርድ እንዳይመታው ነጠላ ቢጤ ጣል ላድርግበት?»