ከግንቡ ማዶ ያለው አውራ ዶሮ

የሰደበኝ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ነው። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እንቁላል መረከቢያው ደጃፍ ወረፋ ይዘን ሳለ፣ በዘጠኝ ሰዎች ፊት። ቅርጫቴን በአገጩ እያመለከተ፣ «አንተና ዶሮዎችህ አንድ ናችሁ፤ ደረት እንጂ ፍሬ የላችሁም» አለኝ። ሰባቱ ሳቁ። የሳቁትን እስከ ዛሬ በመልክ ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ልጅ እንዳልወለድኩ ያውቃል። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፈ ያውቃል። መልሱ የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወረፋው ተበትኗል።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው ግንብ ላይ ያለችውን ትንሽ የእንጨት በር በአምስት ሚስማር ጠረቀምኳት።

በሯን ያስወጣቻት እናቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና። እናቴ ገብስማ ዶሮዎች ነበሯት። እንቁላል በመዳፏ አገላብጣ የየትኛዋ እንደሆነ ትነግረን ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስታ አላየሁም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አውራ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ በዚያች በር ወደ ሰዓት ሠሪው ግቢ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሌላ አውራ ይዛ ነው። «አውራ በአንድ ቤት ሲከርም ይሰንፋል» ትል ነበር። እኔ ለጉርብትና ብላ የምታደርገው ይመስለኝ ነበር። ያ ዘመን፣ ጠዋት ጠዋት የዶሮ ቤቱ መዝጊያ ሲከፈት ግቢው በገብስማ የሚሞላበት ዘመን፣ አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

ባለፈው ዓመት ሁለት የታመሙ ቄቦች በካርቶን ይዤ መኖ መሸጫው ሱቅ ገባሁ። አንዲት ሴት ዞር ብላ፣ «ጋሼ! እንደምን ከረሙ?» አለችኝ። የሰዓት ሠሪው ልጅ ናት። ስለ እንስሳት እርባታ ተምራ ማራቢያ ጣቢያ ትሠራለች። ሕፃን ሳለች እናቴ ገና የተጣለ ትኩስ እንቁላል በመዳፏ ታስይዛት ነበር።

«ደህና ነኝ» አልኳት፣ ፊቴን ሳልፈታ። የአባቷ አፍንጫ አላት።

«እነዚህ ቄቦች የእማማ ዘር ናቸው?»

«ከእናቶቻቸው ሌላ የቀሩት እነሱ ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ፣ ቤት ደግሞ አምስት። ስምንት ወር ሞላቸው፣ ከእነሱ አንድም እንቁላል አላየሁም። ካሳቀፍኩት አሥራ ሁለት እንቁላል የሚፈለፈለው አምስት ቢሆን ነው። ብርድ በመጣ ቁጥር ይታመማሉ። ባለ ሱቁ መድኃኒት ይሰጠኛል።»

አንዷን ቄብ አውጥታ እግሯን ዘረጋችው። «ጣቷ ጠማማ ነው።»

«ከቆጥ ወድቃ ይሆናል።»

«ሁለተኛዋም ወድቃለች?»

ሁለተኛዋን ካርቶኑ ውስጥ አየኋት። የሁለቱም ጣት በአንድ በኩል ነበር የተጣመመው።

«መኖ ምን ይሰጧቸዋል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«እኔ ከምበላው የተሻለ።»

ሳቀች። «ቤታቸውስ?»

«ደረቅ ነው። ክትባትም አላጓደልኩም። አባትሽ ስለ እኔ የሚለውን ትተሽ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ።»

«እኔ ስለ አባቴ አልጠየቅኩም፣ ስለ ቄቦቹ አባት ነው የምጠይቀው። አባታቸው ማነው?»

«ትልቁ አውራዬ ነዋ! ጅራቱ ብቻ ክንድ ያህላል።»

«እናቶቻቸውስ የማን ልጆች ናቸው?»

«የእሱው።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ለእነዚህ ቄቦች አባትም አያትም አንድ ነው። ለአንዱ ሁለት ወንበር ሰጥተውታል!»

ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። ስምንተኛ ሳቂ ብዬ መዘገብኩት።

«የኔ ልጅ፣ ዶሮ ዝምድና አይቆጥርም» አልኳት ተቆጥቼ።

«ዶሮው አይቆጥርም፤ ደሙ ግን ይቆጥራል። ብርድ በሚበዛበት አገር ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል አይደል? ያንደኛው ቀዳዳ በሌላኛው ይሸፈናል። ፍጡርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ከአባቱ አንድ ከእናቱ ደርቦ ይወርሳል። የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍንለታል። አባትና ልጅ ሲዳቀሉ ግን ሁለቱ ብርድ ልብሶች ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው። ቀዳዳው በቀዳዳው ላይ ይገጥማል። ጣት የሚያጣምመው፣ እንቁላል የሚያዘገየው፣ ጫጩቱን በቅርፊቱ ውስጥ የሚያስቀረው እሱ ነው። መድኃኒት ቀዳዳ አይጥፍም።»

ይህን ስሰማ እናቴ በዓይኔ ላይ መጣች። ቢሆንም እጄን በቀላሉ አልሰጥም።

«የባዕድ አውራ ካስገባሁ የእናቴ ዘር ጠፋ ማለት አይደል?»

«እናቶቹ እኮ የእማማ ገብስማዎች ናቸው። ግማሹ ይቀርልዎታል። እንዳለ ከተዉት ነው ሙሉው የሚጠፋው። እማማ ይህን ያውቁ ነበር፤ ለምን መሰለዎት በየዓመቱ አውራ የሚለውጡት? በሯ ከተዘጋች ጀምሮ ነው ዘሩ የደከመው።»

በሯን ማን እንደዘጋት እያወቀች አልተናገረችም። እኔም እያወቅኩ አልተናገርኩም።

«ከየት ላመጣ ነው ታዲያ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አባቴ በየሁለት ዓመቱ አውራ ከጣቢያችን እየወሰደ ከራሱ ዶሮዎች ጋር ያራባል። ልጆቻቸው ከእርስዎ ዶሮዎች ጋር የማይዛመዱ ናቸው።»

«የአባትሽ አውራ እኔ ግቢ አይገባም!»

«ጋሼ፣ አውራው ምን አጠፋ? እሱ አልሰደበዎትም።» ቄቧን ወደ ካርቶኑ መለሰቻት። «ሲመርጡ ብቻ ጅራቱን አይዩ። እናቱ የትኛዋ ናት ብለው ይጠይቁ። አውራ እንቁላል አይጥልም፣ የእናቱን እንቁላል ግን ለልጆቹ ያሻግራል።»

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን አስቀድሜ ልንገርህ። ዘንድሮ ካሳቀፍኩት አሥራ ሁለት እንቁላል አሥሩ ተፈለፈለ። ስድስቱ ሴቶች ሆኑ፤ ጣታቸው ቀጥ ያለ ነው። ብርዱንም ሳይታመሙ አለፉት። ስድስተኛ ወራቸው ሳያልቅ የመጀመሪያውን እንቁላል አገኘሁ፣ ትኩስ ነበር፤ ብዙ ጊዜ በመዳፌ ይዤው ቆምኩ። መኖና ክትባት እንደቀድሞው ነው፤ ያለ እነሱ ዘር ብቻውን አያድንም። የለወጥኩት አውራውን ብቻ ነው። ዶሮ የምታረባ ሁሉ፣ በየዓመቱ ባይሆን በየሁለት ዓመቱ የማይዛመድ አውራ አስገባ፤ ከመልኩ ይልቅ እናቱን መርምር፤ ደካማዋን ቄብ ስላሳዘነችህ ብቻ አታራባት። ይህን እናቴ ሳትማር ታደርገው ነበር። እኔ ደግሞ ለአንድ የሐሙስ ቀን ቃል ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት አቋረጥኩት።

የቀረኝ አውራውን ያመጣሁበት ቀን ነገር ነው።

ሚስማሮቹ ዝገው ስለነበር ሁለቱ ተሰበሩ። በሯን ሳንኳኳ ሰዓት ሠሪው ራሱ ከፈተ፣ የሥራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ። አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ እጅ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ እንጃ።

«አውራ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ልጄ ነግራኛለች። ምረጥ።»

አንድ ቀይ ነበር፣ ጅራቱ የሚያብረቀርቅ፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ከጀርባው አመድማ፣ መልከ ጥፉ፣ እግረ ጠንካራ አውራ መሬት ይጭራል።

«የዚያ የአመድማው እናቱ የትኛዋ ናት?»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጎጆዋ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ዶሮ አሳየኝ። «ያቺ። ብዙ ዓመት ሆናት፣ አሁንም እንቁላል ከመጣል አላረፈችም።»

አመድማውን ያዝኩት። አመሰግናለሁ ብዬ በሯ ጋ ስደርስ ከኋላዬ፣ «አይ አንተ! አሥራ ሁለት ዓመት ደረትህን ነፍተህ፣ ፍሬ ፍለጋ እኔው ደጅ መጣህ!» አለ። ይቀልድ ይሁን ይስደብ መለየት አልቻልኩም።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስስለው የኖርኩት መልስ ነው፤ ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ደግሞ አዲስ ተጨምሮበታል። በብብቴ ሥር የአውራው ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እናቴ አውራዋን ሸጉጣ በዚህች በር ስታልፍ ጎንበስ ትል ነበር፤ በሯ አጭር ናትና።

እኔም ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።