አሸዋ ያዘለ ውሃ

ወንዙን የሚገታውን የአፈር ክትር ለማጠናከር በሚጣለው ግብር ላይ ድምፅ ልንሰጥ አራት ቀን ሲቀረን፣ ወንዙም አብጦ የክትሩ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው፣ ከጓሮዬ በላይ ክትሩን በእግሯ እየዞረች ስትፈትሽ ኮሌትን አገኘኋት። የሟቹ ጎረቤታችን የላይል ልጅ ናት፤ የአፈርና የውሃ ምህንድስና ተምራ ተመልሳ የክትሩን ሥራ ይዛለች። እኔ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ቢሆንም በክርክር የረታኝ የለም፤ ደጄ ላይም «ግብሩን እምቢ በሉ» የሚል ሰሌዳ ተክዬ ነበር።

«እትዬ ቨርና፣ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና። ኪሴን ልትበረብሪ መጣሽ?»

«ጓሮዎን ልይ ብዬ ነው» አለች እየሳቀች።

«ጓሮዬ ምን ሆነ? ባሌ ሮይስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካባትሽ ጋር በየጸደዩ የአሸዋ ጆንያ ሲከምር ነው የኖረው። ያኔ ማን ግብር ጠየቀን?»

«እውነት ነው። ዘንድሮስ ለጆንያ ስንት ሰው ወጣ?»

የወጡት አራት ናቸው፤ አንዱም በከዘራ።

«ደግሞ ጆንያ የሚመልሰው ከላይ የሚመጣውን ነው» አለች። «እኔ የምፈራው ከሥር የሚመጣውን። ጓሮዎ ውስጥ ውሃ አልፈለቀም?»

«መች ሳይፈልቅ ቀርቶ ያውቃል? ክትር ሥር ያደገ ሰው በምንጭ ይደነግጣል እንዴ?»

«ጥርት ያለ ከሆነ አይደነግጥም። አሸዋ ይዞ ከወጣ ግን፣ አሸዋው ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ክትሩ ከቆመበት ነው።»

ከትናንት ወዲያ፣ ከቲማቲሙ መደብ አጠገብ ውሃ እየተንተከተከ ዙሪያውን አሸዋ ሲከምር አይቼ፣ ሰው አይቶ የቤቴን ዋጋ እንዳይጥልብኝ ሦስት ጋሪ አፈር ደፍቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭኜበት ነበር። በሰፈራችን ይህን ያላደረገ የለም፤ የሚያወራው ግን የለም።

«ደፍኜዋለሁ» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። «እናትዎ የሚተኙት የት ነው?»

«እዚያው፣ ጓሮውን በሚያየው ክፍል።»

«ውሃ ቢደፍኑት አይቆምም፣ እትዬ። ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ምናልባት ካልጋቸው ሥር።»

ሮጥን። ድንጋዩን አንስተን አፈሩን ስንዝቅ የአካፋውን እጀታ ወደ ቀዳዳው ሰደድኩት፤ እስከ ክንዴ ገባ፣ መሬት አላገኘም።

«እንዳይደፍኑት! በአሸዋ ጆንያ እንክበበው። ውሃው ክቡ ውስጥ ከፍ ሲል በራሱ ክብደት ከሥር የሚገፋውን ይጫነዋል። ጥርት ካለ አሸዋው ቆመ ማለት ነው።»

ሁለት ሰዓት ተሸከምን። ውሃው ቀስ እያለ ጠራ።

«ግብሩስ ምን ያደርግልናል?» አልኳት፤ አሁን ለነገር አልነበረም።

«በክትሩ ሥር ጥልቅ ጉድጓዶች እየቆፈርን ማጣሪያ እናስገባለን። ውሃው ይወጣል፣ አሸዋው ይቀራል። በዓመት ከየቤቱ ሰማንያ ዶላር።»

«ሰማንያ አራት ነው! አትዋሺ።»

«ወረቀቱን አንብበውታል ማለት ነው?»

«ለመቃወም ሦስት ጊዜ አነበብኩት።»

ያን ዕለት እናቴን ኮረብታው ላይ ወዳለችው እህቴ አሻገርኳት። ማክሰኞ ግብሩን ደግፌ ድምፅ ሰጠሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ የአካፋው እጀታ ሲሰምጥ ስላየሁ ነው።

ግብሩ ጸድቆ ጉድጓዶቹ ከተቆፈሩ ሁለት ጸደይ አለፈ። እናቴ ክፍሏ ተመልሳለች፤ የሚወጣውም ውሃ የጠራ ነው። እኔ ግን ዛሬም እፈራለሁ፤ ከኛ በታች ያሉት መንደርተኞች ግብሩን አንዴ ጥለውታል፣ በዚህ መኸር ደግሞ ድጋሚ ድምፅ ይሰጡበታል። ይህን የጻፍኩት ለነሱ ነው። የነሱ ክትር የሚጀምረው የኛ ባለቀበት ነው፤ እዚያ ጥሶ የገባ ውሃ እኛንም ያገኘናል፣ በመሃል አጥር የለውም።