የመኩሪያ አፍንጫ

በ1975 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ አቶ ገረመውን አገኘኋቸው። የሥራ ባልደረባዬ የመኩሪያ አጎት ናቸው። አሳድገው ያስተማሩት፣ በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሲቀጠርም ዋስ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነኝ።

«ደኅና አደሩ ጋሼ ገረመው? በጧቱ ወዴት ነው?»

«ወደ እናንተ ነው። ዋስትናዬን ላወርድ።»

ደነገጥሁ። ዋስ የሌለው ሠራተኛ በእኛ ዘንድ አይቆይም።

«ምን አጠፋ?»

«ግድግዳ ላይ የባለ ትልቅ አፍንጫ ካርቱን ለጥፎ ሰው ያስቃል አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁት አፍንጫ እንዲስል ነው? ወይ ሠዓሊ ይሁን፣ ወይ ሥራውን ይሥራ!»

አውቶቡሱ መጣና ተጋፍተን ገባን።

«ሁለቱን አንድ ሰው መያዝ አይችልም ይላሉ?»

«አንዱ ይበደላላ! የሥራ ሰዓቱስ?»

«በሥራ ሰዓት ቢስል እኔም እቃወመዋለሁ። እርሱ ግን በምሳ ሰዓት ነው የሚስለው። ፋይል ፈልጎ በማቅረብ የሚቀድመው የለም።»

«ወረቀቱስ የማን ነው?»

«በአንድ ወገን የተጻፈበት፣ የሚጣል ወረቀት ነው።»

«ቢጣልም የመንግሥት ነው!»

በዚህስ ረቱኝ። ሽማግሌው ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደግሞ ዘመኑን ታውቀዋለህ፣ ልጄ። አንዱ ‹የሳለው እኔን ነው› ያለ ዕለት ልጁን ከየት አመጣዋለሁ?»

ቁጣቸው ፍርሃት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ከራሱ በቀር ማንንም ስሎ አያውቅም። መጥተው ይዩት።»

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። ከሦስቱ የባለጉዳይ መስኮቶች ከአንዱ በላይ የመኩሪያ ሥዕል ተለጥፏል፦ አፍንጫው እንደ ዱባ የገዘፈ ሰው ኪሱን ሁሉ ገልብጦ መታወቂያውን ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ወደ ቤቱ ለመመለስ አውቶቡስ ሲያባርር ይታያል።

አቶ ገረመው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይሄ አፍንጫ የእኛ ቤት አፍንጫ ነው!»

ሰልፉ ውስጥ የነበሩ ወይዘሮ አሰፋሽ የሚባሉ ባልቴት ዞር አሉ።

«አይሳቁ፣ ጌታው። ‹መታወቂያ ይዛችሁ ኑ› የሚለው ማስታወቂያ ድሮም ነበረ፤ እኔ ግን ማንበብ አልችልም። ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ይሄንን ካየሁ ወዲህ ግን ይኸው፣» ብለው መታወቂያቸውን ከነጉርድ ፎቶግራፉ አሳዩዋቸው።

አቶ ገረመው ሥዕሉን አንድ ጊዜ ደግመው አዩት። ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ማመልከቻቸውን ዘረጉ።

«መታወቂያዎን ይዘዋል?» አልኋቸው።

የኮታቸውን ኪስ ፈተሹ፤ የሱሪያቸውን ገለበጡ፤ ደግሞ ኮታቸውን። ሰልፈኛው በሙሉ ሥዕሉንና እርሳቸውን እያፈራረቀ ያያል።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው እንዴ የሳለው?» አለ አንዱ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እርሳቸው ነበሩ። ማመልከቻውን አጥፈው፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ።

ያን ሌሊት ተጨንቄ አደርሁ። በማግሥቱ ገና ቢሮው ሲከፈት መጡና መታወቂያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«የዋስትናውን ቅጽ አምጣ። ላድሰው ነው።»

ፈርመው ሲያበቁ መኩሪያን አስጠሩትና ከጋዜጣ መጠቅለያ ውስጥ ወፍራም የሥዕል ደብተር አወጡ።

«ከእንግዲህ በዚህ ሳል፤ የመንግሥት ወረቀት እንዳትነካ። በሥራ ሰዓት አይደለም፤ ከራስህ ፊት በቀርም የማንንም አትሳል።»

«እሺ፣ ጋሼ። የእርስዎንስ?»

«የእኔን ስለኸዋል እኮ!»

ዛሬ ሦስቱም መስኮቶች የመኩሪያ ሥዕል አላቸው። ባለጉዳይ ስቆ ይገባል፣ በአንድ ቀን ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል፤ መዝገብ ቤቱም አንዲት ፋይል አልጠፋችበትም። ሥራውን የሚያከብር ሰው የሚወደውን ነገር ጊዜና ቦታ ከሰጠው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ይረዳዳሉ እንጂ አይሻሙም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አቶ ገረመው በአውቶቡስ ላገኙት ሰው ሁሉ ይህንኑ ያስረዳሉ፤ አፍንጫቸውንም በማስረጃነት ያሳያሉ።