ትራስና ወንበር

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ካርትሜል በፍሊትውድ ከተማ ትራም ውስጥ የሚቀመጡባት ቦታ አንዲት ናት፤ በባሕሩ በኩል፣ ከበሩ ሦስተኛዋ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን አንድ ወጣት ቀድሟቸው ተቀምጦባት አገኙት። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ዘጠኙን በክፍል ኃላፊነት ያሳለፉ ሴት ናቸውና ያለ ቦታው የተገኘ ሰው ማስነሳት አይከብዳቸውም። በጃንጥላቸው ጫፍ ወለሉን ኳ ኳ አደረጉት።

ወጣቱ ቀና ሲል ፊቱ በራ። «ወይዘሮ ካርትሜል! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ቦታዎ መሆኑን ረስቼ ነው።»

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ትራም ትኬት ስቆጣጠር የጡረታ መታወቂያዎን ሳላይ ቀርቼ ነው? ኤሊስ ነኝ።»

«አሃ፣ ያ ቀልደኛው! ምነው ጠፋህ? አባረሩህ እንዴ?»

«ኧረ ራሴ ነኝ የለቀቅኩት። ትምህርት ገብቼ ነው።» ኤሊስ ከጎናቸው ተቀመጠ። «ሆስፒታል ውስጥ እየዞሩ በሽተኛ የሚያጽናኑ ቄሶች አሉ አይደል? እኔ የምማረው ያንን ሥራ ነው፤ ያለ ቅስና። ሃይማኖት የለንም ለሚሉ በሽተኞች።»

ወይዘሮዋ ሳቃቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ። ኤሊስ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ እሳቸውም የሚሄዱት እሱ ወደሚሄድበት መሆኑን ነው። ሆስፒታሉን በበጎ ፈቃድ የሚረዳ አንድ ማኅበር አለ፤ ወይዘሮዋ አባል ናቸው። ማኅበሩ እነዚህ ሰዎች የበሽተኛ ክፍል ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለውን ከመወሰኑ በፊት፣ ሥልጠናውን አይተው አንድ ገጽ እንዲጽፉ ልኳቸዋል። ሠልጣኞቹ እንዲለማመዱባቸው ወይዘሮዋ እንደ በሽተኛ ይተኛሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። እውነቱን ለመናገር ፍርዱ ከቤት ሳይወጡ በልባቸው ተጽፎ አልቋል፤ «አያስፈልግም» የሚል ነበር።

«እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ቄሱ ቢያንስ ጸሎት ይዞ ይገባል» አሉ። «አንተ ባዶ እጅህን ገብተህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እሰማለሁ።»

«ለመቀመጥ ነው ትምህርት ቤት የገባኸው? የእኔ ድመት ሳይማር ይቀመጣል!»

«ሲያወሩት ጥሎዎት አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

«እንግዲያው ሥልጠና ይጎድለዋል ማለት ነው።»

ወይዘሮዋ ፈገግታቸውን ዋጡት። ልጁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደስ የሚል ሰው ሁሉ ይቀጠር ቢባል የበሽተኛ ክፍል አይበቃም። «ስማኝ። በሽተኛ ወሬ አያሻውም። ትራሱን አስተካክልለት፣ አንሶላውን ሳብ አድርግለት፣ ሻዩን በትኩሱ አቅርብለት። እጅህ የሚሠራው ነገር ከሌለው ሰው አልጋ አጠገብ ምን ትገተራለህ? እኔ ከክፍሌ ወንበር የሚባል ነገር አስወጥቼ ነበር። ጠያቂ ከተቀመጠ መሄዱን ይረሳል። ከቆመ እግሩ ይደክመውና ይሄዳል፤ በሽተኛዬም ያርፋል።»

«ሁሉንም ወንበር?»

«አንድም ሳይቀር። ከአንሶላ ማስቀመጫው ጀርባ አስደርድሬ ቆለፍኩባቸው።»

ኤሊስ ወደ እሳቸው ዞረ። «እኛን መጀመሪያ ምን እንደሚያስተምሩን ያውቃሉ? የየራሳችንን መጥፎ አመል ነው። የእኔ ቀልድ ነው። በመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ‹የገና በዓል እስኪመጣ የምቆይ አይመስለኝም› አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ‹ታዲያ ከዚያ የገና ቅቅል ጎመን ተገላገሉ!›»

«ሳቁ?»

«በጣም ሳቁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞታቸው ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።»

«ለዚህ እኮ ነው ቄስ ያለው። የእኛ ቄስ ደግሞ ደግ ሰው ነው።»

«በጣም ደግ ነው። ብዙ ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን ዝርዝር ይዞ ነው የሚዞረው። ሲገቡ በሚሞሉት ቅጽ ላይ ሃይማኖት በሚለው ቦታ ‹የለም› ተብሎ ከተጻፈ፣ እንዳያስቸግር ብሎ አንገቱን በአክብሮት ነቅንቆ ያልፋል። እንዲህ የሚታለፈው ሰው ብዙ ነው፣ ወይዘሮ ካርትሜል።»

ወይዘሮዋ ወደ ባሕሩ ዞሩ። አንገት ነቅንቆ ማለፍን ለእሳቸው መንገር አያስፈልግም፤ በዓይናቸው አይተውታል። የዛሬ አራት ዓመት፣ ጡረታ ሳይወጡ፣ በሚመሩት ክፍል አራተኛው አልጋ ላይ የተኛው ባላቸው ስታን ነበር። በቅጹ ላይ «የለውም» ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ስታንም ሲጻፍ ኮራ ብሎ አይቷል። ስታን በዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበር። ሦስት ሳምንት አይስላንድ አካባቢ ባሕር ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት፣ እንደገና ሦስት ሳምንት ባሕር። ወይዘሮዋ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ያንን ሰው በመጠበቅ ነው። ጡረታ ሲወጣ አሁን ገና ልናወራ ነው ብለው ነበር፤ ስታን ግን ዝምታውን ከባሕር ይዞት መጣ።

«ሃይማኖት የለኝም ላለ ሰውስ አለማመንን ልትሰብኩለት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው።

«ኧረ ወዲያ! ያንንም ይህንንም አንሰብክም። ጸሎት ከፈለጉ ቄሱን ሮጬ የምጠራው እኔው ነኝ። የሚያወሩት የእነሱ ነው፤ የእኛ ጆሮ ነው።»

ክሊቭሊስ የሚባለው ጣቢያ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል ተነሡ። ሁለቱም ወደ ሜቶዲስት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት አዳራሽ ታጠፉ፤ ሥልጠናው የሚሰጠው እዚያ ነውና። ሻይ የሚያፈሉላቸውም የጸሎት ቤቱ ሴቶች ነበሩ፤ በዚህ የተጣላ ሰው የለም። አሠልጣኟ ሩት ኢንስኪፕ ወይዘሮዋን ተቀብላ ወደ ታጣፊው አልጋ ስትመራቸው፣ ኤሊስ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝ? አዳማጭ ነኝ አላልክም እንዴ?» አሉት ጫማቸውን እያወለቁ።

ሩት አንድ ካርድ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ዶብሰን፣ ሰባ አራት ዓመት፣ የዳሌ አጥንት ስብራት፣ ወደ ቤቷ የማትመለስ መስሎ ይሰማታል። ወይዘሮ ካርትሜል እንዲህ ዓይነቷን በሽተኛ በመቶ ቆጥረው አሳልፈዋል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ስምንቱ ሠልጣኞች ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ኤሊስም ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ መጣ።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ዶብሰን?»

«እንደ ተሰበረ ሰው ነው ያደርኩት።» ሠልጣኞቹ ሳቁ። ወይዘሮዋ ቀጠሉ፣ እንደ ካርዱ። «ነገ ቀዶ ጥገና ነው ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የማስበው የወጥ ቤቴን በር ነው። ቁልፉ ይያዛል፣ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም። ያንን በር እንደገና...»

እዚህ ላይ ኤሊስ ጎንበስ አለና ትራሳቸውን አስተካከለላቸው።

ጥሩ አድርጎ ነው ያስተካከለው። በትራም ውስጥ የሰማውን ምክር ማክበሩ ይሁን ወይም በፈታኝ ፊት መደናገጡ፣ ራሱም አያውቅም። ወይዘሮዋ ግን ጀምረውት የነበረው ነገር ከጉሮሯቸው ተመለሰ። በሩ ጠፋ። ጭንቅላታቸው በለሰለሰ ትራስ ላይ ሆኖ፣ ጣራውን እያዩ፣ የሚናገሩት አጡ። የተመቸው ሰው እንደገና ለማማረር ያፍራል።

 ኤሊስ እጁን አየ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ለቀልድ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ቀልዱን ግን ዋጠው።

«አቋረጥኩዎት» አለ። «በሩን እንደገና እያሉ ነበር።»

  ሩት ጣልቃ አልገባችም፤ ኤሊስም አልተንቀሳቀሰም፤ ጠበቃቸው።

«ስታን...» አሉ በመጨረሻ። ካርዱ ላይ ስታን የሚባል ሰው የለም። «ባሌ ነው። ሦስት ጊዜ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። ‹ዊን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ› ይላል። እኔ ትራሱን አስተካክላለሁ። ‹ቆይ መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ› እላለሁ። ሦስት ጊዜ። እጄ አላርፍ አለኝ። ሲናገር መስማት ፈራሁ መሰለኝ፤ ልሞት ነው ሊለኝ ነው ብዬ። በማግስቱ ጠዋት ሻዩ እንደ ተቀዳ ቀረ።»

ኤሊስ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ምን ሊልዎት ነበር ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ! አራት ዓመት ሙሉ ስገምት ነው የኖርኩት። ስለ ባሕሩ ይሆን? ስለ እኛ ይሆን? ወይ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል ሊለኝም ይችላል፤ ስታን ነዋ!» ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ እንባ ሆነ። «የቧንቧም ይሁን። እኔ የናፈቀኝ ድምፁ ነው። ‹ዊን› ካለ በኋላ ያለው ናፈቀኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከባሕር እስኪመለስ ጠበቅኩት፤ ሊነግረኝ ሲመጣ አልተቀመጥኩለትም።»

 ምክር የሰጠ የለም፤ «ጊዜ ይፈውሰዋል» ያለም የለም። ወይዘሮዋ አፍንጫቸውን ጠረጉና ጫማቸውን ፈለጉ።

ለሻይ ሲነሡ ኤሊስ ብስኩት ይዞላቸው መጣ። ሰው የተረታበትን ክርክር በቀላሉ አይለቅምና፣ ወይዘሮዋ ገና ሳይቀምሱት ጀመሩ። «አንድ ነገር ልብ በል። ሠላሳ አልጋ ነበረኝ፣ ሁለት ነርስ። እኔ ስታን ዘንድ ብቀመጥ ሌላው አልጋ ማን ይደርስለታል?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አለ ኤሊስ። «ትራሱን የሚያስተካክል ሰው የግድ ያስፈልጋል። የሚቀመጥም ያስፈልጋል። ለእርስዎ ግን ሁለቱንም ሥራ ለብቻዎ ሰጡዎት። በዚያ ላይ ሚስቱ ነበሩ። እርስዎ አላጠፉ...»

«አላጠፉም አትበለኝ! መጽናናት ሲያምረኝ እነግርሃለሁ።»

ኤሊስ አፉን ዘጋ። ወይዘሮዋ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክረው ጎረሱና፣ በአክብሮት ዓይን አዩት። «እንደሱ። አሁን ሠለጠንክ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በትራሙ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቦታቸው ባዶ ነበረች፤ ተቀመጡባት፣ ባሕሩ ግን ብዙም አልታያቸውም። ወጥ ቤት ገብተው ከስታን ወንበር ፊት ለፊት ወረቀት ዘረጉ። በልባቸው የነበረው «አያስፈልግም» አንድ ቃል ስለነበር መሰረዙ ጊዜ አልፈጀም። ለማኅበሩ የጻፉት ይህ ነው፦

«ይግቡ። ምክንያቶቼን እጽፋለሁ። ሃይማኖት የሌለው በሽተኛም ይፈራል፣ ይናፍቃል፣ የሚናገረው አለው፤ ዛሬ ግን የሚያልፈው እንጂ የሚቀመጥለት የለም። ቄሱ የራሱን ምእመናን በረጋ መንፈስ ይጎበኛል፤ ለሌላውም ማን እንደሚጠራ ያውቃል። ነርሷ በሥራዋና በሰው እንባ መካከል አትወጠርም። ቤተሰብ ሳይሰማው የቀረውን ነገር ሌላ ጆሮ ይሰማዋል፤ በሽተኛው ቢያንስ ተሰምቶ ይሞታል። ይህ በደግነት ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ እኔ ደግ ነበርኩ። እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ይማሩታል፤ ሲያስተምሩም አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በየአልጋው አጠገብ አንዳንድ ወንበር ይቀመጥ። አዲስ መግዛት አያስፈልግም። የቀድሞዎቹ ከአንሶላ ማስቀመጫው ጀርባ ተደርድረዋል፤ የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው። ሐሙስ ዕለት ራሴ መጥቼ እከፍታለሁ።»

ፈረሙበት። ብዕሩን አስቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ሊጥዱ እጃቸውን ዘረጉና፣ መለሱት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሁለቱን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር እያዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩሉ፣

«እሺ፣ ስታን» አሉ። «ተቀምጫለሁ።»