ሲጠብቅና ሲላላ

ያን ቀን ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ከሽማግሌው ጋር አልገናኝም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ወጥቼ ወደ ጎልማሶች ትምህርት እየሄድኩ ነበር። ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ፤ ደብተሩ ውስጥ የልጄ ደብዳቤ አለ። ሰማዩ ሲቀደድ ሮጬ የገባሁት የሬዲዮ ጣቢያው በረንዳ ላይ ነው። ከቦታ ሁሉ እዚያ! ሦስት ቀን ሙሉ ስረግመው የሰነበትኩት ሕንፃ አስጠለለኝ። እየተናደድኩ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በሌላው ጫፍ አንገታቸውን በወፍራም ሻርፕ የጠቀለሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል።

«ምን ይማራሉ እህቴ?» አሉኝ ደብተሬን አይተው።

«ማንበብ።»

«መገንባት?»

«ማ-ን-በ-ብ!» አልኩ ጮክ ብዬ። የጣቢያው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል» ብለው ሳቁ። «ታዲያ ማንበቡ ሆነልዎ?»

«ሆነልኝ። ምነው ባልሆነልኝ!»

ሰው ሆድ ሲብሰው የሚነግረው ለማያውቀው ሰው ነው። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጉዳዬንም ነገርኳቸው። እንዲሰሙኝ ስለምጮህ ዘበኛውም አብሮ ሰማ።

እኛ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ነን። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ጨርሳ ዓምና ዲያቆን ሆና ተሾማለች። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት በሬዲዮ የሚያስተምሩት ቄስ ረዳታቸው አድርገዋት ነበር። እኛ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሴቶች እኚህን ቄስ «ማር ጉሮሮ» እንላቸዋለን፤ መልካቸውን ግን አይቼ አላውቅም። አሁን ፕሮግራሙን ለልጄ ሊያስረክቡ ነው። ልጄ ይህን ፊት ለፊት ልትነግረኝ ፈርታ፣ ሰኞ ዕለት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ወጣች። በዕድሜዬ ለእኔ ተጽፎ እኔው ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ ቄሱ ፕሮግራሙን ውሰጂ ብለውኛል። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። ያለ አንቺ ምርቃት አልቀበልም። ስለ ንግግሬ አትጨነቂ። እዚያ ስገባ እኔ እሰማለሁ።»

«ጥሩ ደብዳቤ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው እያዩ።

«ምኑ ነው ጥሩ አባባ? ‹እሰማለሁ› ትላለች እኮ! አገር ሁሉ ይሰማኛል ማለቷ ነው። ልጄ ትንተባተባለች! ስትደነግጥ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀረቀራል። ትምህርት ቤት ‹ሰባራ ካሴት› ነበር የሚሏት። ሐኪም ዘንድም ሆነ ሱቅ፣ በእሷ ፋንታ ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ማን ይናገርላታል?»

«እኚያ ቄስ ይህን ሳያውቁ የመረጧት ይመስልዎታል?»

«እሳቸው ምን ቸገራቸው! ማሩን የያዘ ሰው ሌላውን ንብ ቢነድፈው ምን ገዶት!»

ሽማግሌው በጣም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲያይልባቸው ሻርፑን ፈቱት። ከሥሩ የቄስ ነጭ ክብ አንገትጌ ወጣ።

ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«አባ... እርስዎ ነዎት?»

«ማሩ አልቆ ሰፈፉ የቀረው እኔ ነኝ» አሉ። «አይደንግጡ። ለመሆኑ ይሰሙኝ ነበር?»

«ካውያ እየገፋሁ፣ ሃያ ዓመት!»

«እንግዲያው እኔም አሁን ልስማዎት፤ ተራው የእርስዎ ነው። ጮክ ብለው ይንገሩኝ እንጂ።»

ከቤት ስወጣ እኚህን ሰው ባገኛቸው የምናገረውን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር። አሁን አጠገቤ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ሲቀመጡ አንዱም አልመጣልኝም። ልቆጣ ወይስ ይቅርታ ልጠይቅ? በመጨረሻ «ለምን ልጄን?» ብቻ አልኩ።

እሳቸውም ከሩቅ ጀመሩ።

«አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሰዓት ሲመጣለት ከመፍታቱ በፊት ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ያዳምጠዋል። ‹ሕመሙን ራሱ ይነግርሃል፤ አትቅደመው› ይለኝ ነበር። እኔ ግን ምክሩን ትቼ ድምፄን ይዤ ቄስ ሆንኩ። በመጀመሪያው አጥቢያዬ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ነበር የምሰብከው። ሬዲዮ ጣቢያ የገባሁትም በአጋጣሚ ነው፤ ተረኛው ሰባኪ ታሞ። እዚያም ‹ሕዝብ ሆይ!› እያልኩ ጮህኩ። በሳምንቱ አንዲት ሴት ደብዳቤ ላከችልኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ‹አባ፣ እባክዎ አይጩሁብኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ።›»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ የሚለውን ቃል ትቼ ለእሷ ብቻ መናገር ጀመርኩ። እናንተ ማር ያላችሁት ያንን ነው። ሰኞ ሰኞ የጻፉልኝን ሰዎች ቤታቸው ሄጄ እጠይቃለሁ። ሚስቴ ‹ለሬዲዮ ነው የዳርኩህ› እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ዓምና ግን...»

እኔ ቃል ላቀብላቸው አፌን ከፍቼ፣ ምን እንደምል ስላላወቅኩ መልሼ ዘጋሁት።

«ዓምና አንዲት እናት ፕሮግራሙ ላይ ደወለች። ‹ልጄ ሞተ› አለችኝ። እኔ ‹ልጄ መጣ› ሰማሁ። ‹እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!› አልኳት።»

ዝናቡ እያባራ ነበር።

«ልጅዎ ‹ሞተ ነው ያለችው› ብላ ጽፋ አሳየችኝ፤ ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ምንም አልተናገረችም። ሴትዮዋ አለቀሰች፤ እሷ ጠበቀቻት። ቴክኒሽያኑ ከመስታወቱ ወዲያ እጁን ያወናጭፋል፤ ሬዲዮ ዝምታ አይችልም ብለው ነው ያስተማሩት። ብዙ ቆይታ ‹አ... አ... አለሁ› አለቻት። ሌላ ነገር አላለችም። ሴትዮዋ አሁን በየሳምንቱ ከፕሮግራሙ በኋላ ትደውላለች፤ የምትፈልገው ግን እኔን አይደለም።»

«አባ፣ ያን ሰሞን የእኛ ሬዲዮ ተበላሽቶ ነበር፤ እሷም ይህን አልነገረችኝም እኮ!»

«አልነገረችዎትም ወይስ ሳትጨርስ ጨረሱላት?»

ካውያ እጄን ሲያቃጥለኝ እንደዚያ ያመኝ አይመስለኝም። ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ አን... አን...» ስትል «አንድ ሰው መጣ? አንገትሽን አመመሽ?» እያልኩ ስቀድማት ታየኝ። ረዳኋት ብዬ ነው። እሷ ደግሞ ስትደክም «ተይው እማዬ» ትልና ትሄዳለች። ያልረዳሁት ነገር ስንት ይሆን?

ቢሆንም ልቤ ቶሎ አልተረታም። «ቢስቁባትስ?» አልኩ።

«ይስቁ ይሆናል። አልዋሽዎትም፤ የወቀሳ ደብዳቤ ደርሶናል። አንዱ ሰውዬ ‹ሬዲዮዬ የተበላሸ መስሎኝ ባትሪ ቀየርኩ› ብሎ ጽፏል።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬ አብሮ መጣ። የቱ የቱ እንደሆነ ለራሴም አልለይ አለኝ።

ይሄን ጊዜ ዘበኛው ከግድግዳው ዞሮ «ሳልጠራ መግባቴ አይደለም» አለ። «እዚህ በር ላይ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። ‹ደህና አደርክ› ብሎ የማያልፍ የለም። መልሴን ቆማ የምትጠብቅ ግን ያቺ ልጅ ብቻ ናት።»

ቄሱ ዘበኛው ያለውን አልሰሙም። ደብዳቤውን መለሱልኝና ጣታቸውን መጨረሻው ቃል ላይ አደረጉ። «ይህን ቃል እንዴት አነበቡት?»

«እሰማለሁ» አልኩ፤ ሰንም ማንም ጠበቅ አድርጌ።

«ጠብቆ ሲነበብ ሰው ይሰማኛል ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብስ?»

የጎልማሶች መምህራችን «አለ» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ‹ላላ ካለ ተናገረ ማለት ነው፤ ከጠበቀ ይገኛል ማለት ነው› ብሎ አስተምሮን ነበር። ፊደሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ለምን አላሰብኩትም?

«ላልቶ ሲነበብ... እኔ ሌላውን እሰማለሁ፣ አዳምጣለሁ ማለት ነው።»

«አዩ? እኔ ዛሬ ጠብቆ እሰማለሁ፤ ላልቶ አልሰማም። እንዲህ ያለ ቄስ ደግሞ ወንበሩን መልቀቅ አለበት።»

«ታዲያ የእሷ የትኛው ነው አባ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጸሐፊዋን ይጠይቋት። ብቻ ሲጠይቋት ቃሉን ከአፏ እንዳይነጥቋት።»

ትምህርቱ ቀረብኝ። ቤት ስደርስ ልጄ የሥራ ልብሴን እየተኮሰች ነበር። ሦስት ቀን ስላኮረፍኳት ቀና ብላ አላየችኝም። ወረቀቱን አጠገቧ አስቀመጥኩ።

«አንብቢልኝ።»

«እማዬ፣ ማንበብ ትችያለሽ እኮ።»

«ፊደሉን አነበብኩት። ድምፁን ግን አላወቅኩትም።»

ካውያውን አቁማ ጀመረች። ‹እዚያ ስገባ› እስከሚለው ድረስ በደህና ወረደች። «እኔ እ... እ...»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሁለቱም ቃል ምላሴ ላይ ነበሩ! ከንፈሬን ነክሼ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጥኩ። ቧንቧው ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። ልጄ መጀመሪያ በመገረም አየችኝ፤ ልቀድማት ነው ብላ ስትጠብቅ አልቀደምኳትም። ከዚያ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ።

«እ... እሰማለሁ» አለች። ላልቶ።

«ሰው ይሰማኛል ብለሽ የጻፍሽ መስሎኝ ነው።»

«በዚህ ነው ያኮረፍሽኝ? እኔኮ ሥራውን የጠላሽብኝ መስሎኝ...» ሳቋ አላስጨርስ አላት። ይሄኛውንም ጠበቅኩ።

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና መረቅኳት፦ «ሁለቱንም ያድርግልሽ፤ ጠብቆም ላልቶም።»

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የሚጨነቁ እናቶች እንዲያነቡት ነው። ልጃችሁ ቃል ሲያጥራት መጠበቅ ጨካኝነት መስሎ ይታያችኋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። እኔ ዝም ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ልጄ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ አንዳንዴም ስለ እኔ ጥፋት ትነግረኛለች። ከፊደልም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ የጻፈውን ሰው ተረድቷል ማለት አይደለም፤ ከመቆጣት በፊት መጠየቅ አይጎዳም። አሁንም ሁሉ ነገር ገብቶኛል አልልም። ጭንቀቴም አልለቀቀኝም፤ ማክሰኞ ማታ እንቅልፍ የለኝም።

በመጀመሪያው ረቡዕ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮውን ከፍተን ካውያ እየገፋን ነበር። ልጄ ሰላምታ አቀረበች፤ ከዚያ «ዛሬ የ... የ...» ብላ ቆመች። እንፋሎቱ ብቻ ሽሽሽ ይላል። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ «ምነው፣ ባትሪው አለቀ እንዴ?» ብላ እጇን ወደ ሬዲዮው ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት እጇን ይዤ። «ይመጣል።»