ጅራታሙ ኮከብና የአቶ አባይነህ ስጋት

በ1989 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቅ የሚለው ጅራታም ኮከብ የመካኒሳን ሰው ሁሉ ደጅ ያስወጣ ነበር። እንደ አቶ አባይነህ የፈራ ግን አልነበረም። እህል ውኃ አልዋጥ አላቸው። በመጨረሻም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ትሩፋትን ከትምህርት ቤት አስቀርተው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ቡልጋ ለመሄድ ተነሡ።

ታክሲ ሲጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ሚካል አገኘቻቸው። ሚካል ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች፤ ትሩፋትንም ታስጠናታለች። የልጅቱን ያበጠ ዓይን አይታ ደነገጠች።

«ጋሼ አባይነህ፣ በደኅና ነው? ማትሪክ እኮ ደርሷል።»

«ምን ደኅና አለ፣ ልጄ። እግዚአብሔር በሰማይ እየተናገረ ስለ ፈተና ላስብ? ይህ ኮከብ የጦር ምልክት ነው። አባቶቻችን ያሉት መሬት አይወድቅም።»

«እግዚአብሔር በሰማይ እንደሚናገር እኔም አምናለሁ። የምንለያየው በሚለው ነገር ነው። ለመሆኑ የፋሲካ ቀን በምን ይታወቃል?»

«በባሕረ ሐሳብ ነዋ። ሊቃውንቱ ፀሐይና ጨረቃን ቆጥረው።»

«የዚህም ኮከብ መንገድ ተቆጥሮ፣ ዘንድሮ እንደሚደምቅ አስቀድሞ ታውቋል። በቁጥር የሚመጣ ነገር ቁጣ ነው ወይስ ሥርዓት?»

«ለናንተ ሁሉም ቁጥር ነው» አሉ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው። «አንድ ልጄን ጦር በልቶብኛል። ይህችን አልሰጥም።»

ፍርሃት ሥሩ ካልተነካ፣ ቅርንጫፉን ቢመለምሉት መልሶ ያቆጠቁጣል። ሚካል ሥሩን ያገኘችው አሁን ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅዎ በኃይሉ በተወሰደበት ዓመት ሰማዩ ላይ ምን ታየ?» ስትል ጠየቀች።

 ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ተጣራ፤ አቶ አባይነህ ግን አልተሳፈሩም።

«ምንም» አሉ በመጨረሻ። «ምንም አልታየም። በአፈሳ ነው የወሰዱብኝ።»

«እንግዲያው ሰማዩ ምን አደረገ? ጦር አይመጣም ብዬ አልምልልዎትም፣ ጋሼ። ቢመጣ ግን የሚያመጣው ሰው ነው። ኮከቡ የሚለው፣ ሁሉን በጊዜው የሚያስኬድ ጌታ አለ ነው።»

«ቡልጋ ብንሄድም እኮ ይኸው ኮከብ ይታያል፣ አባዬ» አለች ትሩፋት።

ሽማግሌው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያም ጓዛቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያን ምሽት ሦስቱም ደጅ ቆመው ኮከቡን አዩት፤ አቶ አባይነህም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

ትሩፋት ፈተናውን አልፋ የነርስነት ትምህርት ጀመረች። በዓመቱ በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ጎረቤቶች አቶ አባይነህን፣ «ኮከቡ ነግሮን ነበር» አሏቸው።

«ኮከቡ በጊዜው መጥቶ በጊዜው ሄደ» ሲሉ መለሱ። «ጦሩን የጫሩት ሰዎች ናቸው። እኔ ያኔ ሸሽቼ ቢሆን ጦሩ ላይቀር ልጄ ከትምህርቷ ትቀር ነበር። ቁስለኛ ሲመጣ የምታክም ልጅ ትሻላለች ወይስ ከእኔ ጋር የምትንቀጠቀጥ? ልጆቻችሁን አስተምሩ።»

ይህን ብለው፣ ለዘመቱት ልጆች ሊጸልዩ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።