«ያ» ማለት እሺ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ የአስተርጓሚ ክፍል ባልደረቦቼ፤ ይህን የመሰናበቻ ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ነበርኩ። ዛሬ የራሴን ቃል ስናገር ብደናቀፍ አትሳቁብኝ።

ቅድም ወይዘሪት ዚየም «ጋሼ ታክ፣ ዛሬ እንኳን ከሰው ጋር ይብሉ!» ስትለኝ ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ገበያው ጥግ ካለው ሩዝ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን በርጩማ «ተይዟል» እንደምል ታውቃላችሁ። ማን እንደያዘው ግን ነግሬያችሁ አላውቅም።

የሻምበል ሎክ ነው። የቤተ መንግሥት ዘብ አዛዥ፣ ያገሬ ልጅ። እኔ በጠብታ የምጨምረውን የዓሣ መረቅ ሩዙ ላይ እያንቆረቆረ «ጋሼ፣ አንተን ሳይጎን አበላሸችህ!» የሚለኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመፈንቅለ መንግሥቱ ወሬ ከተማውን ሲያዳርስ፣ አንድ የባሕር ማዶ አጋሮቻችን አማካሪ፣ የያኔ አለቃዬ፣ ሎክን አስጠራው። አጋር አልኩ? አዎ። ጠላት በሰሜን እያለ፣ ከእኛው ጄኔራሎች ጋር ሆነው የእኛኑ ፕሬዚዳንት ለማውረድ የሚመክሩት አጋሮቻችን ነበሩ።

«ነገር ቢነሣ ዘቦችህ አይተኩሱም፣ አይደል?» አለ። ተረጎምኩ።

ሎክ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ያ...» አለ።

እኛ ደቡቦች ታላቅ ሲያናግረን የምንላት ናት። እየሰማሁ ነው ማለት ነች፤ እሺ ማለት አይደለችም። በአማካሪው ቋንቋ ግን «ያ» እሺ ነው። ልተረጉም ስል በእጁ ከለከለኝ። «ተወው፣ ይቺንስ እኔም እሰማታለሁ!» ብሎ እየሳቀ ጻፈ።

እኔስ? አለቃዬን በሰው ፊት ማረም ነውር መሰለኝ። ፈራሁም።

ስንወጣ ሎክ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፕሬዚዳንቱን ልጠብቅ ምያለሁ። አልተኩስም ማለት አልችልም። ንገርልኝ» አለኝ።

«ነገ እነግረዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኩም። በሦስተኛው ቀን፣ ከተማው የቀትር እንቅልፉን ሲተኛ፣ ታንኮቹ መጡ። ዘቡ አይተኩስም ተብሎ ስለተጻፈ፣ ቀድሞ እጅህን ስጥ ያለው ሰው የለም። ሎክ ተኮሰ። በሩ ላይ ሞተ።

ይህን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ ልጆቼ።

እንግዲህ፣ «ገባኝ» ብሎ የሚያቋርጣችሁን «አልገባዎትም፣ ጌታዬ» የምትሉበት አንደበት ይስጣችሁ። ጦርነቱ ደጃችሁን አይርገጥ። አርጅታችሁ ከወዳጅ ጋር ለመብላት ያብቃችሁ።

እኔ ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ እዚያው ሩዝ ቤት ነኝ። የሚመጣ ካለ፣ በርጩማው አልተያዘም።